ያቺን ጥያቄ አጥፋልኝ

ቦንጋ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ፎርማት አደርጋለሁ፣ ራም እጨምራለሁ፣ የተበላሸ ኪቦርድ እቀይራለሁ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። የቤታቸውን ላፕቶፕ አቅፈው የሚመጡ ሰዎች ዋናውን ጉዳያቸውን ነግረውኝ ሊወጡ ሲሉ መለስ ይሉና አንድ ነገር ይጨምራሉ፦ «እግረ መንገድህን ያቺን ጥያቄ አጥፋልኝ።» የትኛዋን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልገኝም። ፕሮግራም ሊከፍቱ ሲሉ ስክሪኑ ድንገት ይጨልምና መሃል ላይ ሳጥን ብቅ ይላል። ይህ ፕሮግራም በኮምፒውተርዎ ላይ ለውጥ እንዲያደርግ ይፈቅዳሉ ወይ ብሎ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ ከሥሩ «የስ» እና «ኖ»። እሷ ናት።

ማጥፋቱ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። በስታርት ሜኑ ፍለጋ ላይ ዩ፣ ኤ፣ ሲ የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ቢጽፉ አራት ደረጃ ያለው መንሸራተቻ የያዘ መስኮት ይመጣል፤ ወደ ታችኛው ጫፍ ካወረዱት ጥያቄው ይቀራል። ብዙ ባለሙያ እንዲህ አድርጎ ይሰጣል፣ ደንበኛውም ደስ ብሎት ይሄዳል። እኔ አላጠፋም። ለምን እንደማላጠፋ ቆሞ የሚሰማኝ ደንበኛ ጥቂት ስለሆነ፣ ረጋ ብዬ እዚህ ልጻፈው።

መሰልቸታቸው እውነት ነው፤ አልፈርድባቸውም። ጊምቦ ወረዳ የምታስተምር አንዲት ደንበኛዬ የፈተና ጥያቄ የምትጽፈው ማታ፣ ልጆቿን ካስተኛች በኋላ ነው። የምትጠቀምበት የግዕዝ መተየቢያ የቆየ ነው፤ በከፈተችው ቁጥር ስክሪኑ ይጨልማል። የላፕቶፗ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ስለዚህ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ማሽኑ ይጠፋል፣ በተነሳ ቁጥር መተየቢያውን እንደገና መክፈት አለባት፣ እንደገናም ትጠየቃለች። በክረምት የቦንጋን መብራት የሚያውቅ ሰው አንድ ማታ ስንት ጊዜ «የስ» እንደምትል መገመት ይችላል። እሷም ታዲያ ሳጥኑን ማንበብ ትታለች። ብቅ ሲል እጇ ቀድሞ ይጫነዋል።

ዊንዶውስ ኤክስፒን የሚያስታውስ አንባቢ እንዲህ ያለ ጥያቄ ያኔ እንዳልነበረ ያስታውሳል። በኤክስፒ ዘመን የቤት ኮምፒውተር የሚከፍት ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ሙሉ ሥልጣን ያለው አስተዳዳሪ ነበር። የከፈተው ፕሮግራምም ያንኑ ሙሉ ሥልጣን ይዞ ይነሳል፤ ጨዋታ ሆነ ቫይረስ ልዩነት የለውም። ማይክሮሶፍት ይህን የቀየረው ዊንዶውስ ቪስታን በጥር 1999 ዓ.ም. ለገበያ ሲያቀርብ ነው። ከዚያ ወዲህ አስተዳዳሪ የሆነ ሰው ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባ ዊንዶውስ በውስጡ ሁለት መታወቂያ ያዘጋጅለታል፦ አንዱ የተራ ተጠቃሚ፣ ሌላው የአስተዳዳሪ። ደብዳቤ መጻፉ፣ ፊልም ማየቱ፣ ኢንተርኔቱ በተራው መታወቂያ ይካሄዳል። አንድ ፕሮግራም የዊንዶውስን የራሱን ፋይሎች ወይም ሬጅስትሪ የሚባለውን ዋና መዝገብ ሊነካ ሲፈልግ ግን የአስተዳዳሪውን መታወቂያ መዋስ አለበት፤ ጥያቄው የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። የስክሪኑ መጨለምም ለማስፈራራት አይደለም። ዊንዶውስ ሳጥኑን የሚያወጣው ሌላ ፕሮግራም ሊደርስበት በማይችል፣ ለብቻው በተከለለ ስክሪን ላይ ነው። እንዲያ ባይሆን ቫይረሱ ራሱ ጥያቄውን አስነስቶ ራሱ «የስ» ይልበት ነበር።

ለከፋ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። እስከ 1889 ዓ.ም. ድረስ በራሱ ነገሥታት ሲተዳደር የኖረው የከፋ መንግሥት ወሰኑን በጥልቅ ቦይና በጥበቃ በሮች አጥሮ ነበር። ከውጭ የመጣ ነጋዴ ማንነቱንና ጉዳዩን ሳይጠየቅ በሩን አያልፍም። ንግድ ተከልክሎ አይደለም፤ ቦንጋ ራሷ የነጋዴ መናኸሪያ ነበረች። ግን መጠየቅ አይቀርም።

ወደ ቪስታ ልመለስና፣ ቪስታ ጥያቄውን አበዛው፤ ሰውም ጠላው። ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ለደንበኞቼ ደጋግሜ እነግራለሁ። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደው የአርኤስኤ የደኅንነት ጉባኤ ላይ ዴቪድ ክሮስ የተባለ የማይክሮሶፍት ኃላፊ፣ ጥያቄው የተቀመጠው ተጠቃሚውን ለማሰልቸት ታስቦ መሆኑን በይፋ ተናገረ። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ተጠቃሚው ሲማረር ፕሮግራም ሠሪዎቹን ይወቅሳል፤ እነሱም ያለ አስተዳዳሪ ሥልጣን የሚሠራ ፕሮግራም መጻፍ ግድ ይሆንባቸዋል። ስሌቱም ሠርቷል። ጥያቄ የሚያስነሱት ፕሮግራሞችና ተግባራት ብዛት ከ775,312 ወደ 168,149 መውረዱን ኩባንያው በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ገለጸ። ከዓመት በኋላ የወጣው ዊንዶውስ 7 ደግሞ ያንን አራት ደረጃ ያለው መንሸራተቻ ይዞ መጣ፤ ባለቤቱ ራሱ የዊንዶውስን ቅንብር ሲቀይር መጠየቁንም በአብዛኛው አስቀረ።

እንግዲህ ዛሬ በዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላይ በቀን አሥር ጊዜ የሚጠየቅ ሰው ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ላይ ከዚያ ለውጥ በፊት የተጻፈ ፕሮግራም ተቀምጧል ማለት ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሞልቷል። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ ሃያ ዓመት የሞላው መተየቢያ፣ የሂሳብ ፕሮግራም፣ መዝገበ ቃላት በየቤቱ አለ። እነዚህ ፕሮግራሞች የራሳቸውን ማስታወሻ የሚጽፉት «ፕሮግራም ፋይልስ» በሚባለው የተጠበቀ ፎልደር ውስጥ ነው፤ የኤክስፒ ልማድ ነው። የመምህርቷን ጥፋተኛ ያገኘሁት እዚያ ነው። ዊንዶውስ በዚያ ፕሮግራም የተነሳ ይጠይቃል፤ ጠባቂውን ማባረር ለፕሮግራሙ በሽታ መድኃኒት አይሆንም።

ጠባቂው ከማን እንደሚጠብቀን ደግሞ ልንገርዎ። በከተማችን ፊልምና ሙዚቃ በፍላሽ ይጫናል። አንድ ተማሪ ፍላሹን ፊልም ቤት ይሰጣል፣ አስጭኖ ቤቱ ይወስዳል፣ ነገ ለጓደኛው ያውሳል፤ ያ ፍላሽ በሳምንት ውስጥ ስንት ማሽን ላይ እንደሚሰካ ባለቤቱም አያውቀውም። ከኅዳር 2001 ዓ.ም. ጀምሮ ዓለምን ያመሰው ኮንፊከር የተባለው ቫይረስ ከተዛመተባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ፍላሽ ነበር፤ ሲሰካ ራሱን በራሱ የሚያስነሳውን አውቶራን የሚባል አሠራር ተጠቅሞ። ማይክሮሶፍት አውቶራንን ለፍላሽ መጀመሪያ በዊንዶውስ 7 ላይ፣ በየካቲት 2003 ዓ.ም. ደግሞ በኤክስፒና በቪስታ ላይም ዘጋው። ከዚያ በኋላ ቫይረሱ ራሱን ማስነሳት ስላልቻለ የእርስዎን እጅ ይፈልጋል።

አንድ ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ የከፈትኩትን ፍላሽ ላሳይዎ። አራት ፎልደር ይታያል፤ ሦስቱ እውነተኛ ናቸው። አራተኛው የፎልደር ምስል ለብሶ የአንድ ታዋቂ ፊልም ስም ይዟል። ዊንዶውስ የፋይል ስም መጨረሻን ስለሚደብቅ ከሌሎቹ ምንም አይለይም። መደበቁን ሳስቀር ግን የስሙ ጭራ ወጣ፦ ነጥብ ኢኤክስኢ። ይህ የፕሮግራም ጭራ ነው። መጠኑም አንድ ሜጋባይት አይሞላም፤ የአንድ ደቂቃ ፊልም እንኳ በዚያ ውስጥ አይገባም። ለሙከራ ባስቀመጥኩት ማሽን ላይ ከፈትኩት፤ ስክሪኑ ጨለመ። ሳጥኑ ከላይ ቢጫ መስመር ነበረው። ሠሪው የማይታወቅ መሆኑን ይናገራል፤ ከሥሩ ደግሞ ፋይሉ የመጣው ከሚነቀል ዕቃ፣ ማለትም ከፍላሽ እንደሆነ ጽፏል። አንድ ሰው ሊያውቀው የሚገባው ሁሉ እዚያች ሳጥን ላይ ነበር። ሰማያዊ መስመር ሲሆን ፕሮግራሙ የተረጋገጠ የሠሪ ፊርማ አለው፤ ቢጫ ሲሆን ማን እንደሠራው ማረጋገጫ የለም።

ደንበኞቼን ከቀለሙም በላይ የማስጠናቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ሳጥኑ ሲመጣ ምን እየሠሩ ነበር? ፕሮግራም ሊጭኑ ተነስተው፣ ፋይሉን ራሳቸው ከፍተው ከሆነ የጠሩት እንግዳ ነው፤ ስሙን አንብበው «የስ» ይበሉ። ፊልም፣ ፎቶ ወይም ደብዳቤ ሊከፍቱ ብለው ከሆነ ግን «ኖ» ነው። ፊልም ለመታየት የኮምፒውተሩን ሥልጣን አይፈልግም። ፎቶም እንደዚያው።

ጥያቄው እዚህ ከፋ ዞን ውስጥ ከሌላው ቦታ ይልቅ ዋጋ አለው የምለው ደግሞ በኢንተርኔቱ ምክንያት ነው። የቤት ላፕቶፕ የሚያገናኘው በአብዛኛው ከስልክ በሚጋራ ዳታ ነው። ዳታው ውድ ስለሆነ የዊንዶውስ ማሻሻያ ይዘጋል፤ እኔም ራሴ ለደንበኛ ስዘጋ እውላለሁ፤ አለበለዚያ የገዙት ፓኬጅ በአንድ ማታ ያልቃል። ከማሻሻያው ጋር ግን ጸረ ቫይረሱ የሚያውቃቸው የቫይረሶች ዝርዝርም ያረጃል። ወራት ያለፈበት ጸረ ቫይረስ ትናንት የተሠራን ቫይረስ ለመለየት ይቸገራል። ያቺ ጥያቄ ግን ዳታ አትፈልግም። ጫካ ውስጥ ባለ ቤትም፣ ኔትወርክ በሌለበት ዴቻም፣ ልክ አዲስ አበባ ላይ እንደምትሠራው ትሠራለች። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ራሱ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ይዞ የቀረ ሰው ይህችን ጥያቄ ማጥፋት የለበትም።

ሌላው ክራክ የሚባለው ነው። የፕሮግራም ቁልፍ መስበሪያ ፋይሎች ከውስጣቸው አጭር መመሪያ አላቸው፤ መጀመሪያ ጸረ ቫይረሱን አጥፋ፣ ከዚያ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ክፈት ይላል። ይህን መመሪያ ማን እንደጻፈው አይታወቅም። ዘቡን አስተኝተህ በሩን ክፈትልኝ የሚል የማይታወቅ ሰው ምን ሊያደርግ እንደመጣ ማሰብ አያቅትም። ገንዘብ ቸግሮን ነው የሚሉኝን እረዳቸዋለሁ፤ ስለዚህ ሊብሬ ኦፊስን በነፃ እጭንላቸዋለሁ፤ ደብዳቤም የሂሳብ ሠንጠረዥም ይሠራል፣ ቁልፍም አይጠይቅም።

ጥያቄው ሁሉን ይከለክላል ብዬ ግን አልዋሽም። ፎልደርን ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚቀይረው ቫይረስ ብዙ ጊዜ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ሳይፈልግ ሥራውን ይሠራል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስም የእርስዎን ፎቶና ሰነድ ለመቆለፍ የእርስዎ ተራ መታወቂያ ይበቃዋል፤ ፎቶዎቹን እርስዎ መቀየር ከቻሉ እሱም ይችላል። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ብዙ አገር ያዳረሰው ዋናክራይ ደግሞ ከማሽን ወደ ማሽን የሄደው በኔትወርክ በኩል ነው፤ ማንንም አልጠየቀም። ለዚህ መፍትሔው ሌላ ነው፦ የፋይሎችዎ ቅጂ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በሚቀመጥ ዲስክ ላይ መኖሩ። ጥያቄዋ የምትጠብቀው ማሽኑን ነው፤ ቫይረሱ ከዊንዶውስ ሥር ሰርጎ ጸረ ቫይረሱን አጥፍቶ፣ የቤተሰቡን ሁሉ መግቢያ ይዞ እንዳይቀመጥ። ያ ከሆነ ከፎርማት ሌላ አስተማማኝ መፍትሔ የለውም።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ካጠፉት ይልቅ ሳያነቡ የሚጫኑት ናቸው። ይህ የእኛ ሰው ጠባይ ብቻ እንዳይመስልዎት። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ኡበር የተባለው የትራንስፖርት ኩባንያ የተሰበረው እንዲሁ ነው። ሰርጎ ገቡ የአንድ የኮንትራት ሠራተኛን የይለፍ ቃል ይዞ፣ «መግቢያውን ትፈቅዳለህ ወይ» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ወደ ስልኩ ላከ። ሠራተኛው በመጨረሻ አንዱን ፈቀደ። በየጊዜው የሚጮህ ደወል መስማት ያቆማል ሰው፤ ስለዚህ እኔ የምደክመው ጥያቄው አልፎ አልፎ ብቻ እንዲመጣ፣ በመጣ ጊዜም ሰውየው ቆም እንዲል ነው።

የመምህርቷን መተየቢያ እንዲህ አደረግኩት። ከ«ፕሮግራም ፋይልስ» አውጥቼ በሲ ድራይቭ ላይ የራሱን ፎልደር ሠራሁለት፤ እዚያ ፎልደር ውስጥ ተራ ተጠቃሚም እንዲጽፍ ፈቀድኩ። ጥያቄው ቀረ። ይህ የማይሠራላቸው ግትር ፕሮግራሞች አሉ፤ ለእነሱ «ታስክ ስኬጁለር» በሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ላይ ተግባር እፈጥርና «በከፍተኛ ሥልጣን ይነሳ» የሚለውን ምልክት አድርጌ፣ ተግባሩን የሚጠራ ሾርትከት ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጣለሁ። ያ አንድ ፕሮግራም ብቻ ሳይጠየቅ ያልፋል፤ ሌላው ሁሉ ይጠየቃል። ይህን የማደርገው ግን ከየት እንደመጣ ለማውቀው ፕሮግራም ብቻ ነው።

ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ አካውንቱን እለያለሁ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ፤ የተሳሳተ ሰው ከራሱ ማሽን ውጭ ይቀራል። በመጀመሪያ በ«ሴቲንግስ» ውስጥ «አካውንትስ» ከሚለው አዲስ አካውንት ከፍተው አስተዳዳሪ ያድርጉት፣ ጠንካራ የይለፍ ቃል ይስጡት። ወጥተው በእሱ ይግቡና መሥራቱን ያረጋግጡ። ከዚያ በኋላ ነው የዕለት ተዕለቱን አካውንት ወደ ተራ ተጠቃሚ ዝቅ የሚያደርጉት። አሁን ሳጥኑ ሲመጣ «የስ» ብቻ ማለት አይበቃም፤ የይለፍ ቃል ይፈልጋል። የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፈው ከቤቱ ካርታና ከልደት ካርዶቹ ጋር ያስቀምጡት። ውሽውሽ የሚኖሩ፣ ጋሼ የምላቸው አንድ ጡረተኛ ይህን ካደረግኩላቸው በኋላ አንድ ማታ ደወሉልኝ። የልጅ ልጃቸው ከጓደኛው ፍላሽ ያመጣውን ጨዋታ ሊጭን የይለፍ ቃሉን እየለመናቸው ነበር። መስመሩ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ጠየቅኳቸው። «ቢጫ» አሉ፤ እኔ ሳልመልስ ልጁን «ተወው፣ ነገ ሱቅ እንወስደዋለን» ሲሉት ሰማሁ። በማግሥቱ አመጡት፤ አየሁት፣ ጨዋታውም ደኅና ስለነበር ጫንኩለት።

ያለ ምንም ክርክር የማጠፋው አንድ ጥያቄ ግን አለ፤ አብዛኛው ሰው ከዚያኛው ጋር ያምታታዋል። በብሮውዘር አንድ ገጽ ሲከፍቱ ከላይ በግራ በኩል «ማሳወቂያ ልላክልዎ?» የሚል ትንሽ ሳጥን ይመጣል። እሱን አንድ ጊዜ የፈቀደ ሰው ኢንተርኔት በተገናኘ ቁጥር በስክሪኑ ቀኝ ጥግ «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተጠቅቷል፣ እዚህ ይጫኑ» የሚል ቀይ ማስፈራሪያ ሊጎርፍበት ይችላል። ብዙዎች ይህን ይዘው ፎርማት ሊያስደርጉ ይመጣሉ፤ ፎርማት አያስፈልገውም፣ ገንዘብም አልቀበልበትም። በክሮም ላይ «ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ»፣ ቀጥሎ «ሳይት ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ኖቲፊኬሽንስ» ይግቡ። ገጾች ማሳወቂያ እንዳይጠይቁ የሚለውን ይምረጡና፣ ከሥሩ ቀድሞ የተፈቀደላቸውን ገጾች አንድ በአንድ ያጥፉ። ከዚያ በኋላም ጥግ ላይ የቫይረስ ማስጠንቀቂያ ካዩ፣ የሚናገረው የዊንዶውስ ጸረ ቫይረስ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ምንም ሳይጫኑ፣ ፍላሽም ሳይሰኩ ይዘውት ይምጡ።